ሲሆን እንጽፈዋለን

መምህርት ሙሉነሽ ባለፈው ሰኔ ጡረታ ወጣች። በሽኝቱ ላይ ርዕሰ መምህራችን አቶ ፈትሁዲን ረጅም ንግግር አደረገ። ጋቢ ተሸለመች፣ የግድግዳ ሰዓት ተሸለመች፣ ኬክ ተቆረሰ። ሠላሳ አራት ዓመት ያስተማረች፣ የትምህርት ቤቱን ሚኒ ሚዲያ ከምንም ተነሥታ ያቋቋመች፣ አንድ ቀን እንኳ አርፍዳ የማታውቅ ተባለላት። ሁሉም እውነት ነው። እሷ ግን አንገቷን ደፍታ የጋቢውን ጥለት በጣቷ ስትከተል ቆየች። አጠገቧ ስለተቀመጥኩ ምን እንደምታስብ አውቄአለሁ። የምታስበው ስለ ሊዲያ ነበር። በዚያ ሁሉ ንግግር ውስጥ የሊዲያን ስም ያነሣ የለም። እኔም ኬኬን በላሁና ዝም አልኩ። አሁን ብዕር ያነሣሁት ያን ዝምታዬን ስላልወደድኩት ነው።

እኔ አባይነሽ እባላለሁ፤ ሳይንስ አስተምራለሁ። ከምባታ ውስጥ የዳምቦያ ልጅ ነኝ፤ ሆሳዕና ከገባሁ ግን ሃያ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ያን ሁሉ ዓመት በዚህ በሴቶች አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ በመምህራን ክፍሉ መስኮት ሥር፣ ከሙሉነሽ ጋር አንድ ጠረጴዛ ተጋርተናል። ምላሰ ረጅም ናት ይሉኛል፤ ይበሉ። ሙሉነሽን የወደድኳትም የተጣላኋትም በዚሁ ምላስ ነው፤ ስለ እሷ ስጽፍም ላሳጥረው አልችልም።

አባቷ በንጉሡ ዘመን ከሰሜን ሸዋ ለአውራጃው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ሆነው የመጡ ሰው ነበሩ። እሷ የተወለደችው እዚሁ፣ ሽማግሌዎች ዛሬም ዋቸሞ በሚሏት ከተማ ነው። አባትየው አንድ ሬዲዮ ነበራቸው። የምሳ ሰዓት ዜና ሲጀምር አመልካች ጣታቸውን ወደ ላይ ያነሣሉ፤ ጣታቸው እስክትወርድ ድረስ ከቤቱ ሰው የሚያስል፣ ማንኪያ የሚያነሣ፣ በር የሚከፍት የለም። ሙሉነሽ ይህን ስታወራ እየሳቀች ነው፤ ሆኖም ከአባቷ የወረሰችው ትልቁ ነገር ያቺ ጣት ናት። ለእሷ ዜና የሚቀለድበት ነገር አልነበረም። ስድሳ ዓመት ሆሳዕና ኖራ ሀዲይኛዋ ከሰላምታና ከገበያ ዋጋ አያልፍም። «የሬዲዮሽ ጥፋት ነው» እያልኩ አበሽቃት ነበር። እሷም፣ «አንቺ ደግሞ በአማርኛውም በሀዲይኛውም ነው የምትሳሳቺው» ትለኛለች።

ሚኒ ሚዲያው አንድ አሮጌ የድምፅ ማጉያ፣ አንድ ማይክራፎንና ከቆርቆሮው ጣሪያ ጫፍ በሽቦ የታሰረ አንድ ጡሩምባ ነው። ማይኩን ምራቅ እንዳይገባበት በመሐረብ ትጠቀልለዋለች፤ መሐረቡን ሐሙስ ሐሙስ አጥባ አርብ ጠዋት ተኩሳ ታመጣዋለች። አርብ ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ የሳምንቱ ዜና ይነበባል። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፦ ልጆቹ የሳምንቱን ወሬ በዜና ደብተሩ ጽፈው ረቡዕ ያስረክባሉ፣ ሙሉነሽ በቀይ እስክሪብቶ ታርማለች፣ ሐሙስ ልምምድ ይደረጋል፣ አርብ ይነበባል። ሕጎቹ በደብተሩ ሽፋን ላይ በእሷ ጽሕፈት ተጽፈዋል። የሰው ቤት ገመና ዜና አይሆንም። ያልተጣራ ዜና አይሆንም። ያልሆነ ነገር ዜና አይሆንም።

የመጨረሻዋ ሕግ ታሪክ አላት። አንድ ጊዜ፣ እኔ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ይመስለኛል፣ «በሚቀጥለው ሳምንት አዳዲስ ዴስኮች ይመጣሉ» ተብሎ ተነበበ። ልጆቹ አጨበጨቡ። ዴስኮቹን ሦስት ዓመት ጠበቅናቸው። ወላጅ በመጣ ቁጥር ዴስኩስ ይላል፤ የዚያን ጊዜው ርዕሰ መምህር ሙሉነሽን ቢሮው ጠርቶ፣ «ወሬኛ አደረግሽን» አላት። ቃሉ አንጀቷ ውስጥ ቀረ። ከዚያ ወዲህ «ይደረጋል»፣ «ይመጣል»፣ «ሊሆን ነው» የሚል ሁሉ ቀይ መስመር ይሰመርበታል፤ በዳሩም «ሲሆን እንጽፈዋለን» ትልበታለች።

ሊዲያ ጠና አምስተኛ ክፍል ሳለች ነው ክበቡ ውስጥ የገባችው። ቤታቸው ከከተማው ወጣ ካለ ቀበሌ ነው፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ያህል በእግሯ ትመጣለች። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ዓይኗ ግን የማያርፍ ልጅ ነበረች። በክፍል ውስጥ እጇን አታወጣም፤ ስሟ ሲጠራ እንኳ ድምፅዋ አይሰማም፣ «አቤት» የሚለው ከንፈሯ ብቻ ነው። እስክሪብቶ ስትይዝ ግን ሌላ ሰው ናት። «የአንደኛ ክፍል አዲስ ተማሪዎች ሰባ ሦስት ናቸው፤ በመጀመሪያው ቀን ያለቀሱት ሃምሳ ሲሆኑ፣ ሁለት እናቶችም አልቅሰዋል።» ይህ የእሷ ነው። «የእግር ኳስ ቡድናችን ሁለት ለባዶ ተሸንፏል፤ ኳሷ ግን አዲስ ናት።» ይህም የእሷ ነው። ሙሉነሽ ከ«ግን» በኋላ ያለውን ሁሉ ትሰርዛለች፤ ከሰረዘች በኋላ ግን ወደ እኔ አምጥታ ታሳየኝና አብረን እንስቃለን። «ይቺ ልጅ ጋዜጠኛ ናት» ትል ነበር። ለልጅቷ ግን ብላት አታውቅም።

የምታነበው ግን ሊዲያ አልነበረችም። ሊዲያ አማርኛን የለመደችው ትምህርት ቤት ነው፤ አነጋገሯ ሀዲይኛ ሀዲይኛ ይላል። ሙሉነሽ ደግሞ ከዚያ ጡሩምባ የሚወጣው ድምፅ የአባቷን ሬዲዮ እንዲመስል ነው የምትፈልገው። ስለዚህ አንባቢዋ ሰብሌ ሆነች፤ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ፣ ቃሏ እንደ ብርጭቆ የጠራ። ጽሑፉ የሊዲያ፣ ድምፁ የሰብሌ። እኔ በዚህ ተጣልቻታለሁ። «ልጅቷ የምትናገረው እንደ አገሩ ሰው ነው፤ በዚህ ዓይነት እኔንም ከክፍል አስወጪኛ» አልኳት። «አንቺን ማይክ ላይ ያወጣሽ ማን አለ?» ብላ ሳቀችብኝ፤ ነገሩም በሳቅ አለፈ። አሁን ሳስበው በሳቅ ማለፍ አልነበረበትም። አፏን መክፈት ለምዳ ቢሆን ኖሮ የሆነው ሁሉ ባልሆነ ነበር።

ካቻምና መስከረም ላይ ነው የሆነው። ሊዲያ ስድስተኛ ክፍል ገብታለች፤ በሰኔ የክልሉ ፈተና ይጠብቃታል፤ ያልፋሉ ብለን በልባችን ከቆጠርናቸው ልጆች አንዷ ነበረች። ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ያሆዴ ደረሰ። ያሆዴን ለማያውቅ፣ የሀዲያ የዘመን መለወጫ ነው፤ እኛ ከምባታዎች መሳላ ብለን በዚያው ሰሞን እናከብራለን። ወንዶቹ ዓመቱን ሙሉ ባጠራቀሙት የበሬ መግዣ ገበያውን ያጥለቀልቁታል፤ ሴቶቹ ቅቤ በየተራ የሚሰጣጡበትን እቁብ ያነሣሉ፤ ከተማው በሙሉ አታካና ይሸታል፣ ቡላው በወተትና በቅቤ ሲገነፋ። መናኸሪያው ከአዲስ አበባ በሚመጡ ሰዎች ይሞላል። አዲስ ጫማ አድርገው፣ የማዳበሪያ ከረጢት ሙሉ ዕቃ ይዘው ይወርዳሉ። በዓሉ ሲያልቅ ደግሞ በዚያው መናኸሪያ ይመለሳሉ፤ ብዙዎቹ ብቻቸውን አይመለሱም። የወንድም ልጅ፣ የእህት ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ ይዘው ነው። «ላስተምራት» ይላሉ። አንዳንዱ እውነቱን ነው። ሁላችንም ይህን እናውቃለን፤ በየዓመቱ ከበዓል መልስ ከየክፍሉ አንድ ሁለት ልጅ ሲጎድል እናያለን።

በዚያ ሳምንት ትምህርት ቤታችን ራሱ ሠርግ ቤት መስሎ ነበር። አዲሱ የውኃ ታንከር ተተክሎ አርብ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት እንግዶች መጥተው ሊመርቁት ነው። አቶ ፈትሁዲን ከጠዋት እስከ ማታ ግቢውን ያስጠርጋል። ሙሉነሽ ስለ ዜናው እንቅልፍ አጥታለች፤ እንግዳ ፊት አንድ ቃል ቢሳሳት መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመርጣለች። ሊዲያ ደብተሩን ረቡዕ አመጣች። አምስት ዜና ነበረው። የአዲስ ተማሪዎች ቁጥር፤ የክበባት ምርጫ፤ ለሁለት ልጅ አንድ የደረሰው የመማሪያ መጽሐፍ፤ ታንከሩ። አምስተኛው ግን እንዲህ ይላል፦ «ከበዓሉ መልስ ከስድስተኛ ‹ለ› አንዲት ተማሪ ትጎድላለች።»

ሙሉነሽ ቀይ መስመሯን አሰመረችበት። በዳሩ ላይም ጻፈች፦ «ዜና የሆነ ነገር ነው። ይህን ሲሆን እንጽፈዋለን።»

ለምን ማናት ብለሽ አልጠየቅሽም ብዬ ስንት ጊዜ ጠይቄአታለሁ፤ መጠየቁ ጭካኔ መሆኑ እስኪገባኝ ድረስ። «መልቀቂያ የጠየቀች ልጅ ያለች መሰለኝ» አለችኝ። «አርትዖት ላይ ነበርኩ፤ ዓረፍተ ነገሩን ነው ያየሁት።» እውነቷን ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ተረት በየዓመቱ ለአምስተኛ ክፍል የምታስተምረው እሷ ናት። ያን ረቡዕ ግን የሚቃጠል ነገር ፊቷ ቀርቦ የቃላት አገባቡን አረመች።

እኔም ነጻ አይደለሁም። ሐሙስ ከሰዓት ሊዲያ የሳይንስ መጽሐፏን ይዛ ወደ እኔ መጣች። በፕላስቲክ ተለብዶ፣ አንድ ቅጠል ሳይታጠፍ። «ቲቸር፣ ለሌላ ልጅ ይስጡት» አለችኝ። እኔ ተናጋሪዋ፣ ነገር አዋቂ ነኝ ባይዋ፣ «የበዓል ቅቤ እንዳይነካው ነው? ጎበዝ» አልኳትና መጽሐፉን ወደ ሳጥኑ ወረወርኩት። ትንሽ ቆመች። ከዚያ ሄደች። ያቺ ትንሽ መቆም ዛሬም ሳጥኑን በከፈትኩ ቁጥር ትታየኛለች።

በዚያው ዕለት በልምምዱ ላይ ሙሉነሽ ደስ ብሏት ስለነበር ሊዲያን ጠራቻት። «ከበዓል መልስ ያለውን አርብ አንቺ ታነቢያለሽ» አለቻት። ዓመት ሙሉ የተጠበቀች ቃል ናት። ሙሉነሽ ልጅቷ ትዘላለች ብላ ነበር። ሊዲያ ግን እሷንም ደብተሩንም ተራ በተራ አየቻቸውና «እሺ ቲቸር» አለች። ሙሉነሽ ፈርታ ነው ብላ አሰበች።

አርብ ሰብሌ አራቱን ዜና አንበለበለችው። እንግዶቹ አጨበጨቡ፤ ታንከሩ ተከፈተ፤ ውኃው ሲወርድ ትንንሾቹ ጮኹ። ሊዲያ ከሰልፉ ጀርባ ቆማ ነበር። ከዚያ ለበዓሉ ተበተንን።

ሰኞ ስንመለስ ክፍሎቹ ግማሽ ነበሩ። በእኛ ዘንድ ይህ አይደንቅም። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንዲት ልጅ ሁለት ቀን ከቀረች የሰፈሯን ልጅ ወይም ዘበኛውን ቤቷ እንልካለን፤ ትምህርት ቤቱ የሚመሰገንበትም ይህ ነው። ከያሆዴ መልስ ያለው ሳምንት ግን ቀሪ አይጻፍበትም። ቅቤው ሳያልቅ ተማሪ አይመጣም እንላለን። የስም መጥሪያው ላይ ነጥብ ብቻ አድርገን እናልፋለን። ሰኞ የሊዲያ ስም ላይ ነጥብ አደረግን፤ ማክሰኞም ነጥብ፤ ረቡዕም ነጥብ።

ሐሙስ ሙሉነሽ አዲስ መሐረብ ገዝታ መጣች። ጠርዙ ላይ ሰማያዊ አበባ አለው። «ለሊዲያ ነው፤ የመጀመሪያ ቀኗ ነገ ነው» አለችኝ። በዕረፍት ሰዓት ደብተሩ ከእኛ ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ አዲስ ዜና የጻፈ ስለሌለ ምናልባት ከባለፈው የሚተርፍ ካለ ብላ ገለጠችው። እኔ ፈተና አርማለሁ። እጇ ቆመ።

«አባይነሽ» አለችኝ። «ይቺ አንዲት ተማሪ ማናት?»

መስመሩን አየሁት። መጽሐፉ ትዝ አለኝ። ለሌላ ልጅ ይስጡት ያለችው ትዝ አለኝ። ከፊቴ አነበበችው፤ ቦርሳዋን አነሣችና ወጣች፤ እኔም ተከተልኳት።

በባጃጅ አስፋልቱ እስኪያልቅ ሄድን፤ ከዚያ በእግር። ዝናቡ ገና መውጣቱ ስለነበር መንገዱ ጭቃ ነው። ሙሉነሽ የከተማ ጫማዋ እየተያዘ በእንሰቱ መሐል ስትሮጥ ያየ ሰው ማን ሞተባት ይላል። አቶ ጠና፣ የሊዲያ አባት፣ ከደጁ ላይ እንጨት ይፈልጥ ነበር። ሲያየን መጥረቢያውን ጣለና እጁን በልብሱ ጠርጎ በሁለት እጁ ጨበጠን። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ ድምፁ ለስላሳ ነው። ከቤት አስገብቶ በርጩማ አቀረበልን፤ የተረፈ አታካና ይምጣ አለ። ሙሉነሽ አልተቀመጠችም።

«ሊዲያ የት ናት?» አለችው።

«ሄደች እኮ፣ መምህርት» አለ። መገረሙ ከልቡ ነበር። «እርስዎ አላወቁም?»

ከዚያ በቀስታ፣ ምንም ሳይደብቅ ነገረን። ታናሽ እህቱ ለበዓሉ ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው፤ እዚያ ሀኒ ሆናለች። ልጅቷን ስጠኝ አለችው። አንዲት ደግ ሴት ቤት አስገባታለሁ፣ ቀን ሕፃን ትይዛለች፣ ማታ ትማራለች አለችው።

«እኔ እሺም እምቢም አላልኩም» አለ አቶ ጠና። «ሊዲያ አለቀሰች፣ ፈተና አለብኝ አለች። እንግዲህ እኔ ስለ ፈተና ምን አውቃለሁ? ለመምህርትሽ ንገሪያት አልኳት። እሷ አትሂድ ካለች አትሄጂም፤ የልጅን ነገር ከመምህር በላይ የሚያውቅ የለም አልኳት።»

«አልነገረችኝም» አለች ሙሉነሽ።

«በደብተር ጻፍኩላት ብላ ነው የነገረችኝ። በአፏ መናገር እንደምታፍር እርስዎም ያውቃሉ። አርብ ከትምህርት ቤት ስትመጣ መምህርት ምን አለች ብዬ ጠየቅኳት። ‹ሲሆን እንጽፈዋለን ብላለች› አለችኝ።» አቶ ጠና እጆቹን ዘረጋ። «እኔም እንግዲህ መምህርት አውቃለች፣ አልከለከለችም፣ ሲሆን በመዝገብ ልታሰፍረው ነው አልኩ። ለእህቴ ውሰጃት አልኳት። ከእርስዎ ቃል አልወጣሁም።»

ሙሉነሽ ያኔ በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

መቼ እንደሄደች የጠየቅኩት እኔ ነኝ። ትናንት ጠዋት ነው አለኝ፣ ከመናኸሪያ በመጀመሪያው መኪና። ከበዓሉ በኋላ መኪና ስለጠፋ ነው እስከ ትናንት የቆዩት። ሰኞና ማክሰኞ ሊዲያ እዚሁ ነበረች። ዩኒፎርሟን አጥባ አጥር ላይ ሰጥታ፣ መንገዱን እያየች። «ቀሪ ስሆን ሰው ይልካሉ» ትል ነበር ለእናቷ። «ሁለት ቀን ሲሆን ሰው ይልካሉ።»

አታካናው ቀረበ። እምቢ ማለት ነውር ስለሆነ አንዳንድ ማንኪያ ቀመስን። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ከባድ ጉርሻ ውጬ አላውቅም። ስንወጣ ሙሉነሽ ሳታየኝ፣ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለች።

የሀኒን ስልክ ከአቶ ጠና ተቀብላ ቅዳሜ አዲስ አበባ ሄደች። ሀኒ አውቶቡስ ተራ ድረስ መጥታ ተቀበለቻት፣ ለስላሳ ጋበዘቻት፣ እትዬ እያለች አጫወተቻት፤ ወደ ቤቱ ግን አልወሰደቻትም። ባለቤቶቹ እንግዳ አይወዱም አለቻት። ልጅቷ ደህና ናት፣ ልብስ ተገዝቶላታል አለቻት። ሀኒ ክፉ አይደለችም፤ እሷም በአሥራ ሁለት ዓመቷ እንደዚያው ሄዳ ነው ሰው የሆነችው፣ ሌላ መንገድ መኖሩን ያሳያት የለም። አቶ ፈትሁዲን ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ ጻፈ፤ ደብዳቤው ሄደ፤ መልስ አልመጣም። አቶ ጠናም «አሁንማ ከሰው ቤት ገብታ እንዴት ላውጣት፤ ነውር ነው» አለ። የፈሰሰ ውኃ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ቀድሜ ልናገርና ልገላገል። ሊዲያ አልተመለሰችም። የክልሉን ፈተና አልተፈተነችም። ሙሉነሽ የደብተሩን ሽፋን ቀየረች፤ ሦስተኛዋ ሕግ የለችም። ከያሆዴ በፊት ባለው ሳምንት እያንዳንዷ ልጅ ከበዓሉ በኋላ የት እንደምትሆን እንድትጽፍ አዘዘች፤ ከበዓል መልስ ያለው ሳምንትም ቀሪ ይጻፍበታል። አምና አንዲት የአራተኛ ክፍል ልጅ ጻፈች፤ ሙሉነሽ በዚያው ቀን ቤቷ ሄዳ ከአባቷ ጋር ተከራክራ አስቀረቻት። እሰይ አልኳት። «እሰይ» አለች እሷም፤ ፊቷ ግን አልፈካም። አንዷን ማትረፍ ሌላዋን እንደማይመልስ ሁለታችንም እናውቃለን።

መጨረስ የምፈልገው ግን በካቻምናው ኅዳር ነው።

የዕረፍት ሰዓት ነበር። ሁለታችን ጠረጴዛችን ላይ ነን። የሙሉነሽ ስልክ ጮኸ፤ የሀኒ ቁጥር ነው። አነሣችው፤ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ድምፁን ከፈተችው።

«ቲቸር፣ ደህና ነዎት?» አለች ሊዲያ። በስልክ ድምፅዋ ይሰማል። ከክፍል ይልቅ ይሰማል።

ሙሉነሽ ስለ ጤናዋ፣ ስለ ምግቧ ጠየቀቻት። ሊዲያ ደህና ነኝ አለች። የኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ላይ ናት። ሕፃኗ ሁለት ዓመቷ ነው፤ መብላት አትወድም፣ በዘፈን ነው የምትበላው። የማታ ትምህርቱስ አለቻት ሙሉነሽ።

«ገና ነው። ሕፃኗ ትንሽ ትደግ ብለዋል።»

ሙሉነሽ ዓይኗን ጨፈነች። «ሊዲያ፣ ይቅር በይኝ» አለች። «ማናት ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ጽፈሽልኝ ነበር። አነበብኩት፣ ግን አላየሁሽም።»

ከኋላ የሕፃን ለቅሶ ይሰማል።

«ቲቸር» አለች ሊዲያ። ቂም የለበትም፣ ሽሙጥም የለበትም፤ ያን ጊዜ በድምፅዋ ውስጥ የሰማሁት ደብተር ስታስረክብ የነበረችውን ልጅ ነው። «አሁን ሆኗል እኮ። ይጻፉት።»

የሕፃኗ ለቅሶ በረታ፣ ስልኩ ተዘጋ።

ሙሉነሽ የዜና ደብተሩን ከመሳቢያ አወጣች። ቀዩን እስክሪብቶ አልነካችም፤ የእኔን ሰማያዊ ወሰደችና ጻፈች።

አርብ ጠዋት ብርድ ነበር፤ ልጆቹ በሰልፍ ቆመው እጃቸውን ያፋትጋሉ። ሰብሌ እንደ ልማዷ ማይኩን ለመቀበል ወደ ፊት ወጣች፤ ሙሉነሽ ግን አልሰጠቻትም። በሃያ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ራሷ ስታነብ ሰምቻት አላውቅም ነበር። ማይኩ ላይ ሰማያዊ አበባ ያለበት መሐረብ ነበር። የአባቷን የሬዲዮ ድምፅ ጠበቅሁ፤ የወጣው ግን የአንዲት አሮጊት ሴት የሰለለ ድምፅ ነው።

«ከስድስተኛ ‹ለ› አንዲት ተማሪ ጎድላለች» ብላ አነበበች። «ስሟ ሊዲያ ጠና ነው። ቀድማ ነግራን ነበር።»

ትንንሾቹ ምንም አልገባቸውም፤ ዜና ሲያልቅ ማጨብጨብ ስለለመዱ አጨበጨቡ። የስድስተኛ ‹ለ› ሰልፍ ግን አላጨበጨበም። ሙሉነሽ ማይኩን ለሰብሌ ሰጠቻት፤ ሰብሌም ጉሮሮዋን ጠርጋ የእግር ኳስ ቡድናችን አንድ ለባዶ ማሸነፉን አነበበች።